ያልታየው ቀይ መስኮት

— ሄሎ... እዮኤል? አላህ ይስጥህ፣ እንኳን መልሰህ ደወልክ። ሙቢና ነኝ፣ ከአሰላ፣ ፕሮግራም ከሠራህልን መድኃኒት ቤት... አይ፣ ደህና አይደለሁም።

— ሐሙስ ዕለት ባለቤቱ ሁለተኛውን ስክሪን ወደ ሌላው ሱቅ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ማዘዣ ሳስገባ ፕሮግራሙ አንዳንዴ ቀጥ ይላል። ኢንተር ስጫን ይለቃል... አዎ፣ ዝም ብዬ እጫናለሁ። ኔትወርክ መስሎኝ ነዋ።

— ትሰማኛለህ?... አሁን ረዳቴ ኢርሻድ ስክሪኑን አምጥቶ ሰካው። የወይዘሮ የሺሃረግን ማዘዣ ለሙከራ ደግሜ ሳስገባ፣ እዚያኛው ላይ ቀይ መስኮት ዱብ አለ። «የፔኒሲሊን አለርጂ አለባቸው። ይቀጥል?» ይላል... አዎ! እስከ ዛሬ ማንም በማያየው ቦታ እየተከፈተ፣ እኔ «ይቀጥል» ስለው ኖሯል።

— የማን ሥራ? መስኮቱን ስክሪን ውስጥ ማቆየት የኮምፒውተሩ ሥራ ነው ትላለህ?... ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ደግሞ «ቦታውን የሚያስታውሰው ፕሮግራሙ ነው፣ ራሱ ይመልሰው» ይላል። ስክሪኑ መኖር አለመኖሩን ታዲያ ማን ይወቅ?... እሺ፣ አልቆጣም። እኔስ? ድሮ ሰውን በአፌ እጠይቅ ነበር። ፕሮግራሙ ይነግረኛል ብዬ ተውኩት።

— ኢርሻድ፣ ወይዘሮ የሺሃረግ ስልኩን አነሱ?... እየጠራ ነው? ደግመህ ሞክር።

— አሞክሳሲሊን ነው የሰጠኋቸው፣ ያው የፔኒሲሊን ዘር። ግማሽ ሰዓት ይሆናል፣ ወደ ኢተያ ተሳፍረዋል... የሌሎቹን ዝርዝር ማውጣት ትችላለህ? ከሐሙስ ጀምሮ ሳላይ «ይቀጥል» ያልኩባቸውን ሁሉ? ስማቸውን ከነስልካቸው ላክልኝ። አሁኑኑ፣ እባክህ።

— ሄሎ?... አለሁ። ምን አልክ?... እንጃ፣ ቤታቸው ሲደርሱ ነው መሰለኝ የሚጀምሩት... አይ። ምን ብዬ እዋሽሃለሁ። እዚሁ ቆመው አንዱን ዋጡ። ጉሮሮዬን በጣም አሞኛል፣ ቶሎ ልጀምረው አሉ። ውሃውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

— ቆይ፣ ቆይ እዮኤል... ኢርሻድ፣ ተነሳ? አልሃምዱሊላህ። በላቸው ሁለተኛውን እንዳይውጡ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ... ማን ነው ያነሳው? ሹፌሩ?

— የሳቸውን ስልክ ሹፌሩ ምን ብሎ ያነሳል? እሳቸውስ ምን ሆነው?

— ስጠኝ። ስልኩን ስጠኝ ኢርሻድ... እዮኤል፣ ዘጋሁት።