ግብሩን ያዘገየው አሜን

መንደራችን ከአርባ ምንጭ ጫፍ፣ ከሙዝ ማሳው መሃል ናት። ድንገት «ከተማ ሆናችኋል» ተባልን። መቼ እንደሆንን እኛም አናውቅ፤ ዝንጀሮዎቹም አልሰሙ መሰለኝ፣ ማንጎአችንን እንደ ድሮው ይበላሉ። አንድ ወጣት ኃላፊ መጥቶ ትልቁ ማንጎ ሥር ሰበሰበን፤ ከእርሻ ግብር ወደ ከተማ ግብር መሸጋገራችንን ሊያበስረን። «ላብስራችሁ» ያለው እሱ ነው፣ እኔ የለሁበትም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሳይመርቅ ስብሰባ አይጀመርምና አባባ ሻንካ እርጥብ ሳር ይዘው ተነሡ። «መንገዱ ይግባ!» አሉ። «አሜን!» አልን። «ውሃው ይግባ! መብራቱ ይግባ!» «አሜን!» ኃላፊው የጸሎት ቤት ልጅ መሆን አለበት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከሁላችን በላይ ይጮኻል። «ግብሩም ከእነሱ ኋላ ይምጣ!» «አሜን!» አለ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ።

ዓይኑን ሲገልጥ ሁላችንም እያየነው ነበር። «አባባ፣ የመጨረሻዋን እንኳ…» ብሎ ጀመረ። «ልጄ፣ እርጥብ ሳር በተያዘበት አሜን ብለሃል፤ እኔ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?» አሉና ተቀመጡ። ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ሄደ። በቀደም ተመልሶ መጣ። ብልጥ ሆኗል፤ ገና ሳንቀመጥ «ዛሬ ምርቃቱ መጨረሻ ላይ ነው» አለ። አባባ ሻንካ ከዘራቸውን አነሡ። «እንግዲያው እኛም መጨረሻ ላይ እንመጣለን» ብለው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ፤ ሁላችንም ተከተልናቸው። ዞር ብዬ ሳይ ኃላፊው ብቻውን ቆሞ ስለ ግብሩ ይናገራል። ከበላዩ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ዝንጀሮ ማንጎውን እየጋጠ በጥሞና ያዳምጠዋል።