የድንቢጥ ብርጭቆ

አናጢው እንደሚሉት ከሆነ የልጅ ልጃቸውን በእልኸኝነት የሚስተካከላት የለም። አንዲት ቁራጭ ሥጋ ጉንጯ ውስጥ ወሽቃ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ታላምጣለች፤ ዘወር ሲሉላት ደግሞ አውጥታ ከጠረጴዛው ሥር ትጥላለች። እናቷ ለሥራ ርቃ ስለሄደች ሰው ሁሉ «አይዞሽ» እያለ አሞላቀቃት።

ሴት ልጃቸው፣ የልጅቷ አክስት፣ የምትናገረው ሌላ ነው። በዚያ ቤት እንደዚህች ልጅ የሚራብ የለም። ሾርባ ሲቀርብላት ሰሃኑን እስኪያብረቀርቅ ትጠርጋለች። የተፈጨ ድንች ከሆነ ትደግማለች። ሥጋና ዳቦ የመጣ ዕለት ግን ዓይኗ ይፈራል። እልኸኛ የሚሏት ልጅ የምትፈራው የገዛ ጉሮሮዋን ነው።

ሁለቱንም የሰማሁት በአንድ ቀን፣ በአንድ ማዕድ ላይ ነው። ያዘዝኩትን የመጽሐፍ መደርደሪያ ልወስድ ብሄድ ቫርኒሹ አልደረቀም ነበር። አናጢው «ምሳ ሰዓት ደርሰህ ደጅ አትቆምም» ብለው ከሥራ ቦታው ጀርባ ወዳለችው ክፍል አስገቡኝ። በሁለቱ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው፤ የእንጨት ፍቅፋቂው በሥሩ እየሾለከ እስከ ጠረጴዛው እግር ይደርሳል። ልጅቷ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ክንዷ ከመሮ እጀታ አይወፍርም። አያቷ «ድንቢጥ» ይሏታል።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ሰሃን ባዶ ሳይሆን ውሃ አይቀርብም። የውሃው ጆግና ብርጭቆዎቹ ከአናጢው ራስ በላይ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም። ምግብ በሚያጥርበት ቤት ስላደጉ፣ ውሃ የሞላው ሆድ ለምግብ ቦታ እንደማይተው አባታቸው አስተምረዋቸዋል። የድንቢጥን ሥጋ አጥንቱን የሚለቅሙላት፣ ለስላሳውን መርጠው የሚሰጧት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ክርክሩ የተጀመረው እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። አክስቲቱ የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። ለነገ ጠዋት ቀጠሮ ይዛለች፤ ልጅቷ በሰመመን ተኝታ ሐኪሙ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጉሮሮዋን ከውስጥ ያይላታል። አሳዳጊዋ አያቷ ስለሆኑ ግን ያለ እሳቸው ፈቃድ አይሆንም። እሳቸው ደግሞ አሻፈረኝ ብለዋል።

«ከእናቷ የተቀበልኩት አደራ ነው» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ተኝታ ሳትነቃ ብትቀር ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ? ለምግብ አልታዘዝ ላለች ልጅ መድኃኒቱ ቱቦ ነው?»

«አባዬ፣ ፍርሃትዎን አልንቅም» አለች ልጃቸው። «ግን የምግብ መውረጃው ቧንቧ እንደ ማንኛውም ገላ ይቆጣል፣ ያብጣል። አንዱን ልጅ የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ያቆስለዋል፤ ሌላውን ደግሞ ሰውነቱ ያልተቀበለው ምግብ፣ ለምሳሌ ወተት፣ ያስቆጣዋል። የእሷ የትኛው እንደሆነ ከውጭ ሆኖ ማንም አያውቅም።»

«ወተት? አንቺን በምን ያሳደግሁሽ ይመስልሻል?»

«እኔንማ አሳደገኝ። እሷን ምን እንዳደረጋት ነው የማናውቀው።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉና ፈገግ ብለው «እስቲ አንተ የተማርከው ፍረድ» አሉኝ።

ሕክምና እንዳልተማርኩ፣ በማላውቀው መፍረድም እንደማይገባኝ ነገርኳቸው። ነገር ግን ከተቀመጥኩ ጀምሮ አንድ ነገር አይቼ ነበርና እሱን አልደበቅኩም። ልጅቷ ሰሃኗን አታይም፤ የምታየው ጆጉን ነው።

አክስቲቱ ይህን ስትሰማ በውሃ ከሆነ የማይወርድላት ነገር እንደሌለ፣ ይህንንም አያቷ በሌሉበት ብዙ ጊዜ እንዳየችው ተናገረች። አናጢው ቅር አላቸው። ከጀርባቸው ሕጋቸው ሲሻር መክረሙን ገና ያን ጊዜ ሰሙ። ድምፃቸው ጠጠር ብሎ፣ «ድንቢጥ፣ በእንግዳ ፊት አታዋርጂኝ። እንደ ሰው ዋጪ» አሉ።

ልጅቷ አያቷን ትወዳለች። ያላመጠችውን ሥጋ ዋጠች።

አላሳላትም። አንገቷን ብቻ እንደ ወፍ ጫጩት ወደ ላይ ሳበች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ከከንፈሯ ጥግ ምራቅ ይወርድ ጀመር። አናጢው ደንግጠው ዳቦ ቆረሱ። «ይህን በላዩ ዋጪበት፣ ይገፋዋል።»

ልጃቸው እጃቸውን ያዘች። «በላዩ ምንም አይጨምሩ፤ ውሃም ቢሆን።» ልጅቷን ቀና አድርጋ አስቀመጠቻትና ትተነፍሺያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ስምሽን ንገሪኝ ስትላት ስሟን በሹክሹክታ ተናገረች። አክስቲቱ ወደ እኔ ዞረች። «የአየሩ መንገድ ደህና ነው፤ የተዘጋው የምግቡ ነው። ምራቋን ግን መዋጥ አልቻለችም። ታክሲ አስቁምልን።»

መጋረጃውን ገልጬ ልወጣ ስል ከኋላዬ የልጅቷ ድምፅ ተሰማ። «ወረደ» አለች። ዞር ብዬ ሳይ ትከሻዋ ረግቧል። አናጢው ዳቦውን እንደያዙ ቆመዋል።

ልጅቷ ምራቋን ደጋግማ ስትውጥ አክስቲቱ አይታ ፈቀደችና አናጢው ከመደርደሪያው ብርጭቆ አውርደው ቀዱላት። ሲቀዱ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ጥቂት በጥቂት ጠጥታ ስታበቃ ቀና ብላ ተመለከተቻቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ያለ ውሃ እንዴት ነው የሚያወርዱት?»

«ምኑን?»

«እዚህ ጋ ሲቆም» አለች ደረቷን በጣቷ እያሳየች።

«እኔ… እኔ እዚያ ጋ አይቆምብኝም።»

አላመነቻቸውም። አክስቷን አየች፣ ከዚያ እኔን። ሁለታችንም እኛም ላይ እንደማይቆም ነገርናት። «የሁሉም ሰው የሚቆም መስሎኝ» አለች። «እናንተ ጎበዝ ስለሆናችሁ ነው የምትችሉት። እኔም ሳድግ እችላለሁ ብዬ ነበር።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህች ልጅ ግን ምንም አልደበቀችም። የሰው ሁሉ ዕጣ የመሰለውን ሕመም ማን ያወራዋል? በየዕለቱ ፊት ለፊት ስትታገል ትዕግሥቷን እልኸኝነት ብለን የምንጠራው እኛ ትልልቆቹ ነን።

አናጢው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የጠየቁት እንደ ተከራካሪ ሳይሆን እንደ አያት ነው። ቱቦው ያማታል ወይ አሉ። ልጃቸው አልሸነገለቻቸውም። «አደጋ ፈጽሞ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ግን ጥቂት ነው። ሰመመን ሰጪው እስክትነቃ ካጠገቧ አይለይም። ጉሮሮዋን ትንሽ ሊከረክራት ይችላል።»

«ካልታየላትስ?»

«እብጠቱ ሲከርም ቧንቧው እየጠበበ ይሄዳል። ዛሬ ሥጋው ወረደ፤ ሌላ ቀን ላይወርድ ይችላል።»

«ከታወቀስ?»

«ከታወቀማ መድኃኒት አለው። ጠንቁ ምግብ ከሆነም ሐኪሙ ለይቶ ያስቆማታል፤ በምትኩ የምትበላውንም ይነግረናል። እኛ በግምት እየከለከልን አናስርባትም። ያን ጊዜ እንደ እኩዮቿ በልታ ትጠግባለች፣ ሰውነቷም ይሞላል፣ ትምህርት ቤትም ምሳዋን ከልጆች ጋር ትበላለች። እኛም በየማዕዱ መጨቃጨቁ ይቀርልናል።»

አናጢው በአውራ ጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዳስሱ ነበር። «ርጥበት ያሳበጠውን መሳቢያ በመዶሻ የመታ ሠራተኛ አባርሬ አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን የሚያህል ነገር እያወቅሁ፣ ያበጠ ጉሮሮ በዳቦ ልገፋ ነበር።»

ተነሡ። ጆጉን አውርደው ጠረጴዛው መሀል፣ ከድንቢጥ ሰሃን አጠገብ አስቀመጡት። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ በወዲያኛው ክፍል እንጨት የሚልጉት ሠራተኞች እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ነገ ሥራ የለም። ድንቢጥን ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ፤ ስትተኛም ስትነቃም እጇን የምይዘው እኔ ነኝ።»