የፋርዳው ቦታ ከወንበሩ ኋላ ነው

በሆልደም መንደር ቦዩ ሰው የሚሸከም በረዶ ከሠራ አምስት ክረምት አልፎ ነበር። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ጠዋት፣ በረዶው ሰው እንደሚችል የሚያበስረው የመንደሩ የበረዶ ማኅበር ባንዲራ ተሰቅሎ ሲታይ ሰው ሁሉ ቁርሱን ጥሎ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ሱቁን ዘጋ፤ ቄሱ የእሁዱን ስብከት ትተው የመንሸራተቻ ጫማቸውን ስለት ሲስሉ ተገኙ፤ ጉልበቴን አመመኝ እያሉ ዓመቱን ሙሉ ሲያማርሩ የከረሙ ሽማግሌዎችም ያን ቀን ዳኑ። በዚያ በፍሪስላንድ አገር በረዶ ሲመጣ ሌላ ጉዳይ ያለው ሰው የለም። ነገ ሊቀልጥ ይችላላ።

ከሁሉ ቀድመው ከወጡት አንዱ ጋሽ ዎቤ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ላሞቻቸውን ሸጠው ከከብት እርባታ ከወጡ፣ ባለቤታቸውም ካረፉ ወዲህ፣ ውሏቸው ከልጅ ልጃቸው ከፋርዳው ጋር ሆኗል። ፋርዳው በሚቀጥለው ወር አምስት ዓመት ትሞላለች። ከዳውን ሲንድረም ጋር የተወለደች ልጅ ናት። ዘግይታ ሄደች፣ ዘግይታ አፏን ፈታች፤ በሳቅ ግን የሚቀድማት አልተገኘም። እናቷ ኢምኬ ነርስ ስለሆነች፣ ከሥራ እስክትመለስ የሚጠብቋት አያቷ ናቸው። መጠበቅስ እንዴት ያለ መጠበቅ መሰላችሁ፤ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው።

በዚያ አገር ልጅ በበረዶ ላይ መንሸራተት የሚማረው የወጥ ቤት ወንበር እየገፋ ነው። የወንበሩን መደገፊያ ይይዛል፣ ይገፋል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ቦዩ በረዶ በሠራበት የመጀመሪያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ የመንደሩ ትንንሽ ልጆች በሙሉ የየቤታቸውን ወንበር እየገፉ አንድ ዙር ይዞራሉ። ጋሽ ዎቤም ወንበር ይዘው መጥተዋል። ነገር ግን ፋርዳውን ከወንበሩ ኋላ በማቆም ፈንታ ከላዩ አስቀምጠዋታል። በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንዳትንሸራተት ወገቧን በራሳቸው ሻርፕ ከመደገፊያው ጋር አስረው፣ ዙሩን እሳቸው እየገፉ ሊያዞሯት ተዘጋጅተዋል። ደግሞም ደስ ብሏቸዋል።

ይህን ሲያሰናዱ ነው ሪክስት እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ እየተንሸራተተች ድንገት የደረሰችው። ሪክስት በመንደሩ ትምህርት ቤት የሕፃናት መምህርት ናት። ያደገችው ከጋሽ ዎቤ አጥር ጎን ነው።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ዎቤ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። በረዶ ከመጣ ምን ይጎድለናል።»

ሪክስት በርከክ አለችና ልጅቷን በዓይኗ ትክክል አየቻት። «ፋርዳው፣ በረዶው እንዴት ነው?»

«ደስ ብሏታል» አሉ ጋሽ ዎቤ።

«በርዶሻል እንዴ?»

«የምን ብርድ። ሁለት ብርድ ልብስ አልብሼያታለሁ።»

«ሾርባ ይሻልሻል ወይስ ትኩስ ቸኮሌት?»

«ቸኮሌት ነው የምትወደው።»

ሪክስት ሳቋ መጣ። «ጋሽ ዎቤ፣ እኔ እኮ የጠየቅኩት እሷን ነው። የእርስዎን ምርጫ ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«እሷ እስክትመልስማ በረዶው ይቀልጣል።»

«አይቀልጥም። ካላስቸገርኩዎ አሁን እንሞክረው። እኔ ልጠይቃት፤ እርስዎ ደግሞ ምንም ሳይናገሩ በልብዎ እስከ አስር ይቁጠሩ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ፋርዳው፣ ሾርባ? ወይስ ቸኮሌት?» እያለች ሁለቱንም በእጇ ምልክት አሳየቻት።

ጋሽ ዎቤ ቆጠሩ። ሦስት ላይ አፋቸውን በላቸው። አምስት ላይ ጥርሳቸውን ነከሱ። ሰባት ሲሉ ፋርዳው አፏን ሰብሰብ አድርጋ «ሾርባ» አለች።

«ሾርባ?» አሉ ሽማግሌው። «ይቺ ልጅ ሾርባ ትወዳለች እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እስከ ዛሬ የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም።»

ጋሽ ዎቤ ክፉ ሰው አይደሉም። ብዙ የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚወደውን ሰው ድካም ለማቅለል ሲል እጁንም ምላሱንም ይቀማዋል። ለዘገምተኛ ልጅ ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ጊዜ ነው፤ ችኩል አያት ግን ይህን ስጦታ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል።

ሾርባው መጣ። በበረዶው ዳር ከተተከለ ድንኳን የሚሸጥ ወፍራም የአተር ሾርባ ነው። ፋርዳው ማንኪያውን ራሷ ይዛ ግማሹን አፏ ውስጥ፣ ግማሹን ብርድ ልብሱ ላይ አደረሰችው። ሪክስት የመጣችበትን ነገር ያነሳችው ያኔ ነው።

«ኢምኬ ሰኞ ለትምህርት ቤታችን መልስ መስጠት አለባት። ፋርዳው እኛ ጋ ትግባ ወይስ ከተማ ወዳለው ልዩ ትምህርት ቤት በመኪና ትመላለስ ነው ጥያቄው። ኢምኬ ልጇ እኛ ጋ ብትገባላት ደስታዋ ነው፤ ያለ አባቴ ቃል ግን አልቆርጥም ብላለች። እርስዎ እምቢ ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ» አሉ ጋሽ ዎቤ ቆፍጠን ብለው። «ስሚኝ ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ እኔ ግን ኖሬያለሁ። ልጆች ይስቁባታል። እሷ ሁለት ስትል እነሱ ሃያ ይላሉ። ጡንቻዋ ልል ነው፤ ዶክተሩ ራሱ ነግሮኛል። ወድቃ ስታለቅስ ማን ያነሳታል?»

«ዶክተሩ ጡንቻዋ ልል ነው ካለ በኋላ ምን አለ?»

ሽማግሌው ሾርባቸውን አማሰሉ።

«ኢምኬ ነግራኛለች» አለች ሪክስት በትሕትና። «በሥራ ይጠነክራል፣ ደረጃ በእግሯ ትውጣ ነው ያለው። ልቧንም መርምረው ደህና ነው፣ ትሩጥ ብለዋል። ደረጃውን ግን ማን ነው የሚወጣላት?»

«ተሸክሜያት እወጣለሁ። በሷ እግር እኮ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።»

«ላሞቹ ከተሸጡ ወዲህ ለሩብ ሰዓት የሚያስቸኩልዎ ምን ሥራ አለ ጋሽ ዎቤ?»

ይህቺ ቃል ወጋቻቸው፤ ግን እውነት ስለሆነች አልተቆጡም። ሾርባቸውን አስቀመጡና ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

«አንቺ ኦአኔን አታውቂውም» አሉ። «ወንድሜ ነበር። እንደ ፋርዳው ነበር። ያኔ ነገሩ ስም አልነበረውም፤ ሰው ዝም ብሎ ‹የዋህ› ይለው ነበር። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጣ አሳደገችው። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው በማንኪያ አጎረሰችው። ማንም አልሳቀበትም፤ ምክንያቱም ማንም አያየውም ነበር። እንደሱ የተወደደ ሰው በዚህ ቦይ ዳር አልኖረም። እኔም ፋርዳውን እንደዚያ ልወዳት ነው የምፈልገው።»

ሪክስት ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለች። «ኦአኔ ምን ይችል ነበር?» አለች።

«ምንም።»

«ምንም? አንድ ቀን እንኳ?»

ጋሽ ዎቤ አሁን የሚሉት ነገር ሃምሳ ዓመት ያልተናገሩት ነገር ነበር።

«አንድ ቀን» አሉ በመጨረሻ፣ «እናቴ ትኩሳት ይዟት ተኛች። እኔና አባቴ ላም ስናልብ ቆይተን ገባን። ምን ብናይ ጥሩ ነው፤ ገበታው ለስድስት ሰው ተዘርግቷል። የአባቴ ትልቁ ኩባያ በአባቴ ቦታ፣ የእህቴ ሰማያዊዋ በእህቴ ቦታ። ዳቦው ተቆርጧል። ኦአኔ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ይስቃል። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ቁጭ ብሎ ሲያጠና ኖሯል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እናቴ ዳነች። ዳነችና ‹እጅህን ትቆረጣለህ› ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ሁለተኛ አላስነሳነውም። እኔም አላስነሳሁትም ሪክስት። ቢላዋውን የነጠቅኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ዎቤ አለቀሱ፤ አላፈሩበትምም። ሪክስትም እጃቸውን ያዘች። ምክር ሁልጊዜ ከሚመክረው ሰው አፍ አይወጣም። አንዳንዴ ተመካሪው ራሱ ውስጥ ተቀብሮ ቆይቶ፣ የሚጠይቀው ሲያገኝ ነው የሚወጣው።

«ጋሽ ዎቤ» አለች፣ «ፋርዳው ከሌሎች እኩል ትሮጣለች ብዬ አላታልልዎትም። ቀስ በቀስ ነው እንቁላል በእግሩ የሚሄድ። ትምህርቷን በትንሽ በትንሹ ቆርሰን እንሰጣታለን፤ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕልና በምልክት እናሳያታለን፤ አንድ እርምጃ ስትሄድ እዚያው ጎበዝ እንላታለን። አጠገቧ የምትቀመጥ ረዳት መምህርትም ተገኝታለች። የሚስቅ ልጅ አይጠፋ ይሆናል። እሱንም እናስተምረዋለን፤ እሱም እኮ ተማሪ ነው። አብሯት ወንበር ገፍቶ ያደገ ልጅ ግን ነገ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሲሆን ሥራ የሚሰጣት እሱ ነው።»

የማኅበሩ ደወል ተደወለ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ወንበር እየገፉ ከየአቅጣጫው ልጆች መጡ፤ በረዶው በሳቅና በወንበር እግር ጩኸት ተሞላ። ፋርዳው ወንበሩ ላይ ሆና እየተወዛወዘች «እኔም! እኔም!» አለች።

ጋሽ ዎቤ ሻርፑን ፈቱ። ብርድ ልብሶቹን ገፈው፣ ልጅቷን ከወንበሩ ኋላ አቆሟት። እጇን መደገፊያው ላይ አደረገች። ሁለት እርምጃ ሄደች። በሦስተኛው እግሮቿ ተከፈቱና ድብ አለች።

ሽማግሌው ሊሮጡ ሲሉ ሪክስት እጅጌያቸውን ያዘች። ፋርዳው አላለቀሰችም። ቁጭ እንዳለች ዞር ብላ አያቷን ፈለገች፤ ስታገኛቸውም ሁለት እጆቿን ወደ እሳቸው ዘረጋች።

«ያስተማሯት ነገር ይኸውልዎ» አለች ሪክስት። «ስትወድቅ የምትፈልገው ወንበሩን ሳይሆን እርስዎን ነው። ጀርባዎን ያዙሩ።»

«ምን ቆርጦኝ።»

«ጋሽ ዎቤ፣ እኔ አያታለሁ፤ ከተጎዳች ዓይኔ ላይ ናት። እርስዎ ግን ይዙሩ።»

ጋሽ ዎቤ በሕይወታቸው ብዙ ከባድ ነገር ሠርተዋል፤ ሚስት ቀብረዋል፣ ላሞቻቸውን በጨረታ ሲነዱ ቆመው አይተዋል። ያን ቀን ወደ ሾርባው ድንኳን መዞር ግን ከሁሉ ከበዳቸው። የድንኳኑን ሸራ እያዩ ጆሯቸውን ብቻ ሰጡ። የልጆች ሳቅ ሰሙ፤ የሷ እንደሆነ ወይም በሷ ላይ እንደሆነ መለየት አቃታቸው። «ምን ሆነች?» አሉ። «ተቀምጣለች» አለች ሪክስት። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «አሁንስ?» አሉ። «ተንበርክካለች። የወንበሩን እግር ይዛለች።» ቀጥሎ ሪክስት መልስ መስጠቷን ተወች። በምትኩ ክርርር የሚል የወንበር እግር ድምፅ ተሰማ፤ ቆመ፤ እንደገና ክርርር አለ።

«ይዙሩ» አለች ሪክስት።

ፋርዳው ከሁሉ ኋላ ናት፤ ግን እየሄደች ነው። ቀይ ኮፍያዋ ዓይኗን ሸፍኖታል፣ ምላሷን በጎን አውጥታ ወንበሩን ትገፋለች። አንድ ቢጫ ካፖርት የለበሰች ልጅ ልታግዛት እጇን ብትሰድ «እራሴ!» አለቻትና አባረረቻት። ያች ልጅም አልተቀየመች፤ ጎን ለጎን መግፋት ጀመረች። ፋርዳው ሦስት ጊዜ ወደቀች፤ ሦስት ጊዜም ወደ አያቷ ሳታይ ተነሳች። ዙሩን ስትጨርስ ጋሽ ዎቤ በጭብጨባ መዳፋቸው ቀልቶ ነበር።

ኢምኬ የነርስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር በብስክሌት ደርሳ የመጨረሻውን ግማሽ ዙር ከዳር ቆማ አይታ ኖሯል። ወደ አባቷ መጣች።

«አትጠይቂኝ፣ እኔው ልንገርሽ» አሉ ጋሽ ዎቤ። «ፈርቼ ነበር። ለሷ የፈራሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለራሴ ኖሯል። እሷ በእግሯ ከሄደች፣ በአፏ ከመለሰች፣ እኔ ምን ሥራ ይቀረኛል ብዬ ነው። ልጅ አስሮ ሥራ መፍጠር ነውር ነው። አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም።»

«አባዬ» አለች ኢምኬ፣ «ሥራ አይጠፋህም። ጠዋት ጠዋት በእግሯ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ሰው እፈልጋለሁ።»

«በእግሯ ከሆነ ከሌሊቱ እንነሳለና» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሰኞን የመጠበቅ ትዕግሥት አጡ። የመንደሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ድንኳኑ አጠገብ ሾርባቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ጋሽ ዎቤ በሰባ አንድ ዓመታቸው በበረዶው ላይ እንደ ጎረምሳ እየበረሩ ሄደው ፊታቸው ቆሙ።

«ጌታው፣ ያቺን ባለ ቀይ ኮፍያ ያዩዋታል? እርስዎ ጋ ልትማር ነው። ሪክስት ሁሉን ታውቃለች፤ እኔ የምለው ጥቂት ነው። ስትጠይቋት ጠብቁ። ካፖርቷን እራሷ ታውልቅ። ቶሎ ያላደረገችውን ነገር አትችልም አትበሉ፤ እኛ ቤት እንደዚያ ተብሎ የሰው ዕድሜ ባክኗል። ልጅ ሲሠራ ጉልበቱ ይጠነክራል፣ ምላሱ ይፈታል፣ ጓደኛ ያገኛል፤ እኔ ካለፍኩ በኋላም የሚኖርበትን ያውቃል። ዛሬ ነው የተማርኩት፣ አይፍረዱብኝ።»

«ሰኞ ኢምኬ ትምጣና እንመዘግባታለን» አሉ ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብለው።

«ሰኞ መልካም ነው። ቃልዎን ግን አሁን ይስጡኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ጓንታቸውን አወለቁና እጃቸውን ሰጡ። ኢምኬ ይህን ከሩቅ እያየች እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ከዚያም ወደ ቤት እንድትሄድ ልጇን ለመጥራት ዞር አለች። ሌሎቹ ልጆች ወንበራቸውን ወደየቤታቸው እየጎተቱ ነበር። ፋርዳው ግን ማንም ሳያዛት ሁለተኛውን ዙር ጀምራ ነበር።