የተኛው ጤፍ

ሀና ማርያም አካባቢ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ሕሙማን ተራ የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ የሚሰቀል ሥዕል ስንመርጥ ነው። ከኮሚቴው ሥዕል የተማርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሁሉም አፍ አፌን ያያል። የቀረበው ሥዕል ጥቁር ደመና ያንዣበበበት የጤፍ ማሳ ነበር። ሠዓሊዋ ወጣት ናት፤ ሥራዋ እስካሁን የትም ተሰቅሎ ስለማያውቅ ጥግ ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ “የብሩሹ አካሄድ ሁሉ ወደ መሬት ያዘነበለ ነው፤ ይህ የመንፈስ ስብራት ነው። አሣሣሉ ጥሩ ነው፤ ስሜቱ ግን ሐዘን ስለሆነ ለታመመ ሰው አይሆንም” አልኩ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ላፍቶ ላይ ያረሱት የነዋሪዎች ተወካይ ጋሽ ቱሉ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አሉ። “መምህር፣ ይሄ እኮ አላዘነም። ፍሬው ከብዶት ነው የተኛው። ማዘንስ ጤፉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው።”

“ጥቁሩ ደመናስ?” አልኩ፣ በቀላሉ ላለመረታት።

“እሱስ ያሳስባል። ቶሎ ማጨድ ነው።”

ኮሚቴው ሳቀ። እኔ ግን ምስክር ፈልጌ ሠዓሊዋን፣ “ስትስዪው ምን ተሰምቶሽ ነበር?” አልኳት።

“እውነቱን ለመናገር በጣም ከፍቶኝ ነበር” አለች። ኮራ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። እሷ ግን ወደ ጋሽ ቱሉ ዞር ብላ፣ “አሁን ሳየው ግን አባባ እንዳሉት ይሁንልኝ” አለች።

የሥዕሉን መስቀያ ሚስማር ግድግዳው ላይ የመታሁት እኔ ነኝ።