ሄሮን ላይ ብስክሌት የነዳሁ ዕለት

ድሬዳዋ ላለችው አብሮ አደጌ ለአበበች፣ ብስክሌት እነዳለሁ ብዬ በስልክ ድምፄን ብልክላት «አንቺ አሮጊት፣ ቪዲዮ ካላየሁ ውሸታም ነሽ» አለችኝ። እርግጥ ነድቼ አላውቅም፤ ግን እሷ ማን ናትና ነው እኔን ውሸታም የምትለኝ? ዓርብ ከጓደኛዬ ከፀሐይ ጋር ሲኒማ አይተን ስንወጣ፣ እኔ በምኖርባት የወደብ ከተማ ሄሮን በሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳር ብስክሌት ተከራየሁና «በይ ቅረጪኝ» አልኳት።

መሄዱንስ ሄድኩ፤ ማቆሙን ማን አስተምሮኝ! ከዓሣ ሻጩ ጋሪ ጋር ተላትሜ ተዘረርኩ። ብስክሌቱን፣ የሠራውን፣ ያከራየኝን፣ አንድ ሳላስቀር ሰደብኩ። ፀሐይ ለካ በሳቅ ስትንፈራፈር ኖሯል፤ የተቀረጸው የገዛ ጫማዋና የእኔ ስድብ ብቻ! ሌላ ስለሌለኝ ያንኑ ላክሁላት። አበበች ወዲያው መለሰች፦ «አምኛለሁ እህቴ፤ ከብስክሌት ያልወደቀ ሰው እንዲህ አይሳደብም።»