በሕፃን እግር ላይ የታሰረ አሸዋ

ሱሪዬን ላሳጥር ወደ ጎረቤቴ ወደ ልብስ ሰፊው ስሄድ፣ በሩ ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ተገጣጠምን። ይህች ወጣት ሆስፒታል ውስጥ የታመመ እጅና እግርን በእንቅስቃሴ የሚያክሙ ባለሙያዎችን ትምህርት ልትጨርስ ተቃርባለች። «ጋሼ፣ ይግቡ» ብላ አስቀደመችኝ። በሰፈራችን እኔን የሚያስቀድም ስለማይበዛ ልብ ብዬዋለሁ።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ትቶ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። የሰባት ዓመት ልጁ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። «ጥይት» ነው የሚላት። ከካፖርት ቁራጭ ሰፍቶ አሸዋ የሞላቸውን ሁለት ከረጢቶች ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያስራል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ አጎቴ?»

«ልምምድ ነዋ! ይህን አስሮ የሮጠ፣ የተፈታለት ቀን ይበራል። ቅዳሜ የትልቁ የእግር ኳስ ክለብ መልማዮች ሕፃናት ሊመርጡ ይመጣሉ።»

ልጅቷ ስትነሳ ተረከዟን መሬት አላስነካችም።

«እያነከሰች እኮ ነው!»

«ስንፍና ነው። ጠዋት ሩጫ፣ ከትምህርት ስትመለስ ኳስ። ከሰፈር ልጅ ጋር መንዘላዘል የለም።»

«ሕፃን ናት እኮ» አልኩ እኔም።

«አንተ ስምንተኛ፣ ሱሪህን አስቀምጥና ዝም በል!»

ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ ነው። ስሙን ለሰፈሩ ሁሉ ያደለው እሱ ነው። ሱሪዬን አስቀመጥኩ፤ መታዘብ ግን ክፍል አይጠይቅም።

ወጣቷ የልጅቷን ተረከዝ በሁለት ጣቷ ጫን አደረገችው። ልጅቷ ከመጮኋ በፊት የአባቷን ፊት አየች።

«አጎቴ፣ የልጅ አጥንት የሚያድግበት ቦታ ገና ለስላሳ ነው። እረፍት ከሌለው ጅማቱ እየጎተተ ያሳምመዋል። አሁን ካረፈች ይድናል። ቅዳሜ ግን መሮጥ የለባትም።»

«ቦታዋን ለሌላ ሰው ልጅ ልስጥ? ስሚ፣ እኔም እግር ነበረኝ! አባቴ ነው እዚህ መኪና ላይ የጎለተኝ። በልጅነቱ ያልተያዘ የት ይደርሳል?»

«አያቴ እርስዎን ኳስ ከለከሉዎት፤ እርስዎ ደግሞ እሷን ጨዋታ ከለከሏት። በምን ተለያያችሁ? ዛሬ ብትመረጥ እንኳ ከጥቂት ዓመት በኋላ አትበቂም ሊሏት ይችላሉ። ያኔ የታመመ እግር ይዛ፣ ኳስን ጠልታ ትመለስልዎታለች።»

«ወሬ ነው!»

«እንግዲያው አሸዋውን እርስዎ እግርዎ ላይ ይሰሩትና የጋሼን ሱሪ ይስፉ።»

«ይሄ ላባ ነው» ብሎ ከልጁ እግር ፈቶ በራሱ እግር አሰረና እያፏጨ የመኪናውን መርገጫ መርገጥ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ መኪናው አንዴ ይንደረደር፣ አንዴ ቀጥ ይል ጀመር። ስፌቱ እባብ የሄደበት መሰለ። ሱሪው የኔ ነው፤ ቢሆንም እንደዚያ ቀን ልብስ ተበላሽቶብኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፉጨቱ ቆመ፤ ጉልበቱን ያዘ።

«ምነው፣ ስንፍና ነው?» አልኩት።

ወደ ልጁ ዞረ።

«ያምሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጥይት አያማትም ስላልከኝ።»

ከረጢቶቹን ፈቶ በመቀስ ቀደዳቸው፤ አሸዋው ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

«እሺ፣ ቅዳሜ ይቅር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚያስ ምን ላድርጋት?»

«እስኪሻላት ትረፍ። ከዚያ ገመድ ትዝለል፣ ትደበቅ፣ ትውደቅ። ሰውነቷ ሁሉ የሚጠነክረው እንዲያ ነው። ኳሱን ስትፈልግ ራሷ ታመጣዋለች።»

እንደተባለው ሆነ። ልጅቷ ማነከሷን ተወች፤ በጠዋቱ ሩጫ ደክማ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋቷ ቀረ፤ ጓደኞችም አፈራች። ኳሱን አንዳንድ ቀን ራሷ ትጠይቃለች፤ አንዳንድ ቀን ትረሳዋለች። አባትየው በበኩሉ ልጁን ለልምምድ የሚጎትት ወላጅ ባየ ቁጥር አስቁሞ ስለ ለስላሳ አጥንት ያስተምራል። የእህቱን ልጅ ግን አያነሳም፤ እኔንማ ማን ሊያነሳኝ! ይሁን። ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ያልሞላላችሁን ምኞት በልጆቻችሁ እግር ላይ አትጫኑት፤ እግሩ ለራሳቸው ገና አልጠናም።

ባለፈው በዚያ ሳልፍ የሰፈሩ ልጆች ሱቁን ወረውት ነበር። «እዚህ ገብታለች?» ሲሉ ጠየቁት። የተሰቀሉት ካፖርቶች ከወደ ታች ይንቀሳቀሳሉ፤ ሳቅም ይሰማል።

«ኧረ እዚህ ማንም የለም» አለ ልብስ ሰፊው፣ የረጅሙን ካፖርት ጫፍ በእግሩ ወደ ታች እየሳበላት።