ለኪኒን ዋስ መሆን

የሱዳኑ ጦርነት ሳይመጣ፣ የካርቱሙ ዴም ሰፈር ገና በሰውና በባለሦስት እግር ረክሻ ሲጨናነቅ የሆነ ነገር ነው። ልብስ ሰፊው ጋሼ ጂብሪል ክር ሊገዙ ወጥተው ፋርማሲው በር ላይ ከኒዕማ ጋር ግጥም አሉ። ልጅቱ ደንግጣ ፌስታሏን ወደ ኋላዋ አዞረች። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ዕቃ ስትደብቅ ማየት፣ ምን ይባላል!

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሼ።"

"ወዓለይኩም ሰላም። እሱን ፌስታል እስቲ አምጪው።"

ቁጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኒዕማን ጀብራ ሰፈር ሰው ቤት በሠራተኝነት ያስቀጠሯት እሳቸው ናቸው፤ ዋሷም እሳቸው። ባለፈው ሳምንት የቤቱ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ጋዙን ከፈተችና ሳትለኩሰው ረስታው ወጣች። አላህ አተረፈ እንጂ! እመቤቲቱም ደውላ፣ "እስከ ጁምዓ ወይ ዋስትናህን አድስልኝ፣ ወይ ልጅቱን ውሰድ" አለቻቸው።

ፌስታሉ ውስጥ ሁለት የኪኒን ፓኬት አገኙ።

"የምን በሽታ ነው?"

"የትኩረት ማነስ ይሉታል፣ ጋሼ። ሐሳቤ አንድ ቦታ አይረጋም። ከልጅነቴ የነበረ ነው፤ ሐኪሙ ዘንድሮ ስም አወጣለት እንጂ።"

"ይሄ ደግሞ በሽታ ተብሎ! እኔም መቀሴን እረሳለሁ።"

"አንቱ መቀስ ቢጠፋብዎ ፈልገው ያገኙታል። እኔ ልፈልግ ተነሥቼ ምን እንደምፈልግ ይጠፋኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እየተሰደብኩ ነው። ሰነፍ ሲሉኝ፣ ሲሉኝ እኔም አመንኩ።"

ጋሼ ጂብሪል ግራ ገባቸው። ሕመም አይደለም እንዳይሉ፣ ልጅቱ ታታሪ መሆኗን ያውቃሉ። ነው እንዳይሉ፣ ትኩሳት የለው፣ ቁስል የለው።

"እሺ፣ ኪኒኑስ ምን ያደርጋል?"

"ያነቃል። ሐሳቤን ይሰበስባል።"

ይኼኔ ባሰባቸው። የሚያነቃ ነገር! ባቲ ሳሉ ሃያ ዓመት ጫት የቃሙ ሰው ናቸው፤ ምርቃናን ማን ሊያስተምራቸው!

"ያ ረብ! ይሄማ በፓኬት የታሸገ ጫት ነው። ደግሞ ሁለት! እኔንም መጀመሪያ አንድ እስር ጫት ይበቃኝ ነበር፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ሆነ። ለዚህ ዋስ አልሆንም፣ ወላሂ አልሆንም!" ፓኬቶቹን ኪሳቸው ከተቱ።

"ፍራቻዎ ውሸት አይደለም፣ ጋሼ። ያለ ሐኪም የሚወስደው፣ በራሱ እጅ የሚጨምረው ሰው ሱስ ሊይዘው ይችላል። ለሰውም አይካፈልም። ለዚሁ ነው ሐኪሙ በየወሩ እየጠራ የሚጠይቀኝ፣ የደም ግፊቴን የሚለካው። መጠኑ ግን አልጨመረም። አንደኛው ፓኬት ያለፈው ወር ነው፤ ከፍተው ይዩት።"

ከፈቱት። ከሠላሳው አሥራ አንዱ አልተነካም።

"ምነው ተረፈ?"

ኒዕማ አቀረቀረች። "እየረሳሁት ነዋ። ጋዙን የተውኩ ዕለትም ረስቼው ነበር።"

"ረስተሽው?"

"ረስቼው።"

ጋሼ ጂብሪል ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጫት ረስተው ያውቃሉ? እናታቸው የተቀበሩ ዕለት፣ ለቀስተኛው ከመቃብር ሳይመለስ፣ ሰዓቱ ደረሰ ብለው ሾልከው ሄደዋል። ካርቱም ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም፤ እዚህ የሚታወቁት በሽምግልናቸው ነው። ለኒዕማ ግን ነገሯት።

"ሱስ እናትን ያስረሳል እንጂ እሱ አይረሳም፣ ልጄ። ይሄኛውን ግን... እኔ እንጃ፣ አላውቀውም።"

"አብሽሩ ጋሼ፣ እኔም ገና እየተማርኩት ነው።"

ያልገባን ነገር ሁሉ ክፉ የሚመስለን ስንቶቻችን ነን! ጋሼ ጂብሪል ነገሩ በቅጡ ሳይገባቸው ፓኬቶቹን መለሱላት፤ ስልካቸውንም አውጥተው እዚያው ለእመቤቲቱ ደወሉ።

"ዋስትናዬን አድሻለሁ። ልጅቱ ታማ ነው፤ መድኃኒት ይዛለች። ከሱብሂ ሶላት በኋላ በየቀኑ እየደወልኩ አስታውሳታለሁ። በሐኪም እጅ ከታከመች ልጅሽ ይጠበቃል፣ ቤትሽ ሰላም ያድራል፣ እሷም ሰነፍ ከመባል ትድናለች።"

"የሚያነቃ ኪኒን ነው?" አለች እመቤቲቱ። "ሱስ እንደማይሆንባት በምን አወቅህ?"

ኒዕማ አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። ከፋርማሲው ጎን ያለው ክር ሻጭም፣ ፋርማሲስቱም ይሰማሉ።

"ሐኪም ይከታተላታል፤ እኔም ዓይኔን ከእሷ አልነቅልም" አሉ ጋሼ ጂብሪል። "ሱሰኛ ሳይ አውቃለሁ፣ እመቤቴ። ሃያ ዓመት ሱሰኛ ነበርኩ።"